የሟቾቹ ዐርባ ሳይወጣ

የቁስጥንጥንያዋ ቅድስት ሶፍያ ስትነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጉልላቷን ነው። ሕንፃዋ የቆመችበት አመድ ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ አስቀድመን አመዱን፣ ቀጥሎ ሕንፃውን እንመለከታለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮስጢንያኖስ በ527 ነገሠ። የግብሩ ጫና ሕዝቡን አስመርሮት ነበር፤ በተለይ ግብር የሚያስከፍለው ሹም የቀጰዶቅያው ዮሐንስ እጅግ የተጠላ ነበር። ከተማዪቱም በሠረገላ እሽቅድምድም ምክንያት “ሰማያዊ” እና “አረንጓዴ” በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍላ ነበር። በጃንዋሪ 532 በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው ሰዎች ሲሰቀሉ መስቀያው ተሰብሮ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ተረፈ። መነኮሳት አንሥተው በቤተ ክርስቲያን አስጠጉአቸው። ሕዝቡ በእሽቅድምድሙ ሜዳ ተሰብስቦ ምሕረት ቢለምንላቸው ንጉሡ ዝም አለ። ያን ጊዜ በጠላትነት ይተያዩ የነበሩት ሁለቱ ወገኖች አንድ ሆነው “ኒቃ” ማለትም “ድል አድርግ” እያሉ ተነሡ።

እሳቱ ብዙ ቀን ነደደ። የቀድሞዪቱ ቅድስት ሶፍያ፣ ቅድስት ኢሬኒ፣ የሕግ መወሰኛው ሸንጎ ቤት፣ ትልቁ መታጠቢያ ቤትና የቤተ መንግሥቱ በር ተቃጠሉ። የሳምሶን የሚባለው የድኩማን መጠለያ በውስጡ ከተኙት በሽተኞች ጋር ነደደ። ንጉሡ ወንጌል ይዞ ወጥቶ ምሕረት አደርጋለሁ ብሎ ቢምልም የሚያምነው አልተገኘም። ሕዝቡ ሂፓጥዮስ የሚባለውን መኰንን፣ ሚስቱ እያለቀሰች ብትይዘውም፣ ወስዶ አነገሠው።

ዮስጢንያኖስ በመርከብ ሊሸሽ አስቦ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፕዮስ እንደሚለው ንግሥት ቴዎዶራ ከመሸሽ ይልቅ በንግሥና ልብስ መሞት ይሻላል ብላ ከለከለችው። ከዚያም የጦር አለቆቹ ቤሊሳርዮስና ሙንዱስ ወታደር ይዘው ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሜዳ ገቡ። በዚያ ቀን የሞቱት ከ30,000 በላይ ነበሩ ይላል ያው ጸሐፊ።

አዲሱ ሥራ የተጀመረው በፌብሩዋሪ 23 ነው። ልብ በሉ፤ በእኛ ልማድ የሙት ተዝካር በዐርባ ቀን ይወጣል። በዚያች ከተማ ግን የሟቾቹ ዐርባ ሳይሞላ ግንበኞች መሠረት ይዘው ነበር።

መሐንዲሶቹ አንቴምዮስና ኢሲዶሮስ የሒሳብ ሊቃውንት ነበሩ። የኢሲዶሮስ አገር ሚሊጢን ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ቀሳውስት አስጠርቶ የተሰናበተባት ናት። የገጠማቸው ችግር ክቡን ጉልላት በአራት ማዕዘን ግንብ ላይ ማስቀመጥ ነበር። በአራቱ ማዕዘን እንደ ጎበጠ ሦስት ማዕዘን ያለ ግንብ አሳድገው፣ ወርዱ 31 ሜትር ያህል የሆነውን ጉልላት አቆሙበት፤ ከሥሩም 40 መስኮቶችን ከፈቱ። ሕንፃው በዲሴምበር 27 ቀን 537 ተመረቀ። ንጉሡ “ሰሎሞንን በለጥሁት” አለ የሚባለው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ወግ ነው።

የታነጸችው እርስዋ ብቻ አይደለችም። ቅድስት ኢሬኒና የሳምሶን መጠለያ ከቀድሞው አምረው ተሠሩ። ከመሬት በታችም 336 ዐምድ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ተቈፈረ፤ ዛሬም ኢስታንቡል የሚሄድ ሰው ያየዋል።

በ558 ጉልላቱ ወደቀ። የኢሲዶሮስ ዘመድ የሆነው ታናሹ ኢሲዶሮስ ከፍታውን ጨምሮ ሠራውና በ562 እንደ ገና ተመረቀ። ቅድስት ሶፍያ በ1453 መስጊድ፣ በ1935 ቤተ መዘክር፣ በ2020 ደግሞ እንደ ገና መስጊድ ሆናለች።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ሕንፃው ያስደንቀኛል፤ ዳሩ ግን ወንድሜ በዚያ ሜዳ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ በምረቃው ቀን በምን ልብ እገባ ነበር? የተቃጠለ ግንብ በስድስት ዓመት ውስጥ ተመለሰ፤ የወደቀ ጉልላትም ተጠገነ። ከ30,000ው ግን አንድም አልተመለሰም። ንጉሡ የሂፓጥዮስን ንብረት በኋላ ለልጆቹ መልሶላቸዋል፤ አባታቸውን ግን መመለስ አልቻለም። ሁለት ሰዎችን መማር በጊዜው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣም ይሆናል። ዘግይቶ የመጣው የምሕረት ቃል ወንጌል ተይዞ እንኳ አልታመነም።

በዚያው ዘመን የእኛው ንጉሥ ዐፄ ካሌብ በአክሱም ነበር። ዮስጢንያኖስም በ531 ገደማ መልእክተኛ ልኮ በፋርስ ላይ እንዲረዳው ጠይቆታል። ካሌብ ግን በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መንኵሶአል። አንዱ ዘውዱን ላለመልቀቅ ከተማ ሙሉ ሕዝብ ከፈለ፤ ሌላው ዘውዱን ራሱን ሰጠ። እኛ ወጣቶች ዘውድ ባይኖረንም እልህ አለን። ቤት ከመሥራታችን በፊት፣ ማኅበርም ከማቋቋማችን በፊት፣ ያስቀየምነውን ሰው ዛሬውኑ ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ፤ ነገ ጉልላት ልንሠራ እንችል ይሆናል፣ ያ ሰው ግን ላይኖር ይችላል።