መብራትህን ለመንገዱ

ወልድያ ውስጥ ሳይክል ከሚጠግኑ አዛውንት ዘንድ፣ ማታ ማታ ወደ ስሪንቃ የሚመላለስ ወጣት አዲስ መብራት ሊያስገጥም መጥቷል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይሄ መብራት ሌሊቱን ቀን ያስመስለዋል። ቀና አድርገው ይግጠሙልኝ፤ ከሩቅ ልታይ።

አዛውንቱ፦ መታየቱስ ደግ ነው፤ በጨለማ ያለ መብራት መንዳት በነፍስ መቀለድ ነው። ግን ቀና ካደረግሁት ብርሃኑ የት ያርፋል?

ወጣቱ፦ ከፊቴ የሚመጣው ላይ።

አዛውንቱ፦ ዓይኑ ላይ በለኝ እንጂ። የሚመጣው አይሱዙ ነው እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩን ለ3 ሰከንድ ብታጥበረብረው 50 ሜትር በጭፍን ነዳ ማለት ነው። በዚያ 50 ሜትር ውስጥ ያለው ማን ነው?

ወጣቱ፦ እኔው ነኝ። ግን እነሱስ ረጅም መብራት ይለቁብኝ የለ? ለምን አልመልስላቸውም?

አዛውንቱ፦ ሁለታችሁም ካላያችሁ ማን ይተርፋል? እሱ ብረት ውስጥ ነው፤ አንተን የሚሸፍንህ ጃኬትህ ብቻ ነው። ረጅም ሲለቅብህ ዓይንህን ወደ ቀኝ ዳር መልስ፣ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ካልሆነም ወርደህ አሳልፈው።

ወጣቱ፦ እግረኛውስ? እሱ አይነዳ።

አዛውንቱ፦ ከመርሳ ገበያ አምሽታ አህያዋን እየነዳች የምትመለሰውን እናት አስብ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንተ ያን የለመደችውን በቅጽበት ታጠፋባታለህ። ካለፍካት በኋላ ቦዩም ድንጋዩም አይታያትም። ዓይናቸውን ሞራ የጀመራቸው አዛውንቶች ላይማ ብርሃኑ ስለሚበተን ይብስባቸዋል። አህያዋም ደንብራ አስፓልቱ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ደግሞስ ባትሪ በሰው ፊት ላይ ማብራት ነውር አይደለም? ሳይክል ላይ ስለታሰረ ነውርነቱ አይቀርም።

ወጣቱ፦ እንግዲያስ እንዴት ይገጠም?

አዛውንቱ፦ ሳይክሉን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቀህ አቁመው። መብራቱ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከታሰረ፣ የብርሃኑ መሐል ግድግዳው ላይ ግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ ይረፍ። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ ከፊትህ 10 ሜትር ያህል ርቆ ይወድቃል። ጀርመን አገር የሳይክል መብራት ብርሃኑ ከላይ በኩል የተቆረጠ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። ያንተው ግን እንደ እጅ ባትሪ ዙሪያውን ይረጫል፤ ስለዚህ ዝቅ ማድረጉ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ወጣቱ፦ ብልጭ ድርግም የሚለውን ብጠቀምስ?

አዛውንቱ፦ በጨለማ ለፊት አይሆንም፤ ርቀትህን ለመገመት ያስቸግራል። የመንገድ መብራት ባለበት ደካማው ይበቃሃል። ብርቱውን ከከተማ ስትወጣ አብራው፤ ሰው ሲመጣ ቀንሰው፣ ደወልህንም ቀደም ብለህ ደውል። ከኋላ ቀይ መብራት፣ ፔዳሉ ላይ አንጸባራቂ አድርግ። ቀዩን ወደ ፊት እንዳታስር፤ የሚያይህ ሰው ወዴት እንደምትሄድ ይሳሳታል።

ወጣቱ፦ ዝቅ ካደረግሁት ግን ያዩኛል?

አዛውንቱ፦ በደንብ። የሚያጥበረብር መብራት ሲመጣ ሾፌሩ የሚያየው ብርሃኑን ብቻ ነው፤ ከኋላው ያለኸው አንተ ትጠፋበታለህ። ዝቅ ስታደርገው ግን መብራቱንም፣ አንተንም፣ መንገዱንም ያያል። የሌላውን ዓይን የሚወስድ መብራት ለባለቤቱም አይበጅም። ዛሬ ማታ ከመንዳትህ በፊት ግድግዳው ላይ ለካው፤ ጓደኞችህንም እንዲለኩ አድርግ።