የቁፋሮ ቀዳዳ ንድፍ አቀማመጥ በከርሰ ምድር ማዕድን ዕቅድ ሶፍትዌር፦ ከመስመሩ ጋር ሊጠበቅ የሚገባው ትርጕም

አኅጽሮተ ጥናት

በከርሰ ምድር ማዕድን ሥራ የፍንዳታ ቀዳዳዎች ንድፍ በኮምፒውተር ተሠርቶ ወደ ቁፋሮ ማሽን ይተላለፋል። ይህ ጽሑፍ ንድፉ ሲቀመጥ ከመስመሮቹ ጋር ምን አብሮ ሊጠበቅ እንደሚገባ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ አንድ ንድፍ በአግባቡ ተቀምጧል የሚባለው ከዓመታት በኋላ ንድፉን ያልሠራ ባለሙያ ከፍቶ ያለ ስሕተት ሊያነበው ሲችል ነው የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የፍንዳታ ቀዳዳ፣ የቀለበት ንድፍ፣ የመረጃ አያያዝ፣ ዳተም፣ የማዕድን ደኅንነት

1. መግቢያ

ከአንድ የቁፋሮ ዋሻ ተነሥቶ በዙሪያው ያለውን ማዕድን አዘል ዐለት በፍንዳታ ለመስበር፣ ረጃጅም ቀዳዳዎች በአንድ ወለል ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይቆፈራሉ። ይህ ስብስብ በሙያው «ቀለበት» ይባላል። እያንዳንዱ ቀዳዳ የአፍ መገኛ፣ አቅጣጫ፣ የማዘንበል መጠን፣ ርዝመትና ውፍረት አለው።

ጥቂት የሚመስል ስሕተት ርቆ ይሄዳል። 25 ሜትር ርዝመት ያለው ቀዳዳ በ2 ዲግሪ ቢስት፣ ጫፉ ከታቀደለት ቦታ 87 ሳንቲሜትር ገደማ ይርቃል። በቀለበቶች መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሜትር ቢሆን፣ ስሕተቱ ከዚህ ርቀት ከሲሶ በላይ ነው። ማሽኑ በትክክል ቢቆፍርም፣ የተሰጠው ፋይል የተሳሳተ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ የንድፍ አቀማመጥ የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

2. መስመሩና ምክንያቱ

በዕቅድ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ንድፍ ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ውጤቱ፣ ማለትም በሦስት አውታር የተሠመሩት መስመሮች ናቸው። ሁለተኛው መስመሮቹን ያስገኙት ደንቦች ናቸው፤ በቀዳዳ ጫፎች መካከል የተፈቀደው ርቀት፣ የቀዳዳው ውፍረት፣ የማሽኑ የመድረስ ዐቅም፣ ንድፉ የተመሠረተበት የማዕድን ወሰንና የዋሻው ቅየሳ።

ንድፉ ወደ ዲኤክስኤፍ ፋይል ሲወጣ መስመሮቹ ይተርፋሉ፤ ደንቦቹ ግን በአብዛኛው ይቀራሉ። ጉዳቱ የሚታየው ለውጥ ሲመጣ ነው። አዲስ የናሙና ውጤት የማዕድኑን ወሰን ቢያሻሽል፣ ደንቦቹን የያዘ ንድፍ እንደገና ሊሰላ ይችላል፤ መስመር ብቻ የያዘው ግን ከመጀመሪያው መሠራት ይኖርበታል።

ከዚህ የከፋው የምክንያት መጥፋት ነው። በአንድ ቀለበት ውስጥ አንድ ቀዳዳ ከጎረቤቶቹ በ4 ሜትር ያነሰ ሆኖ ቢገኝ ምን ማለት ነው? ምናልባት ንድፍ አውጪው ቀደም ሲል ማዕድኑ የወጣለትን ክፍተት ላለመንካት ሆን ብሎ አሳጥሮት ይሆናል፤ ምናልባትም በመዳፊት ስሕተት የተቆረጠ ይሆናል። ፋይሉ ምክንያቱን ካልያዘ፣ ተተኪው ባለሙያ ቀዳዳውን «አስተካክሎ» ወደ ክፍተቱ ሊያስገባው ይችላል። አንዲት የማስታወሻ ዐረፍተ ነገር ይህን አደጋ ታስቀራለች።

በማሽኖችና በሶፍትዌሮች መካከል የሚደረገውን ልውውጥ ወጥ ለማድረግ፣ በኤክስኤምኤል ላይ የተመሠረተው «አይሬዴስ» የተባለ ዓለም አቀፍ የመረጃ መለዋወጫ ደረጃ ተዘጋጅቷል። ይህ የቅርጽ አለመጣጣምን ያቃልላል። ነገር ግን ንድፍ አውጪው ያልጻፈውን ምክንያት የትኛውም የፋይል ዐይነት ሊጠብቅ አይችልም።

3. ቁጥሮች የሚነበቡበት ስምምነት

ሦስት ነገሮች ከፋይሉ ጋር በግልጽ ሊጻፉ ይገባል።

የመጀመሪያው የማዘንበል ምልክት ነው። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ወደ ታች የሚወርድ ቀዳዳን በአዎንታዊ፣ ሌሎች በአሉታዊ ቁጥር ይመዘግባሉ። ስምምነቱ ሳይታወቅ «60» የሚለውን ቁጥር ማንበብ፣ ወደ ወለል የታሰበን ቀዳዳ ወደ ጣሪያ ማዞር ነው።

ሁለተኛው ዳተም ነው። በኢትዮጵያ የቆዩ የመልክዐ ምድር ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም ላይ የተመሠረቱ ሲሆን፣ የሳተላይት መቀበያዎች ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ይሠራሉ። ስሙ ሳይጻፍ አንዱ እንደ ሌላው ቢወሰድ መገኛው ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ይህን ያህል ስሕተት በአዲስ ቀለበት ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ ሊያመልጥ የሚችለው የቆየ ዋሻ ካርታ ከአዲስ ንድፍ ጋር ሲደረብ ነው።

ሦስተኛው የቁጥር ትክክለኛነት ነው። ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር የሚይዘው 7 ገደማ ጉልህ አሃዞችን ነው። በ524,288 እና በ1,048,576 መካከል ላሉ እሴቶች ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች በ6.25 ሳንቲሜትር ይራራቃሉ፤ ከዚያ በላይ፣ እስከ 2,097,152 ድረስ፣ ልዩነቱ 12.5 ሳንቲሜትር ይሆናል። በኢትዮጵያ ከሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ በላይ ያለው የዩቲኤም የሰሜን እሴት በዚህ በኋለኛው ክልል ይወድቃል። መፍትሔው ባለ 64 ቢት ቁጥር መጠቀም ወይም የማዕድን ማውጫውን አካባቢያዊ መረብ ከመለወጫ ቀመሩ ጋር ማስቀመጥ ነው።

4. ሦስት መዝገቦች

የታቀደው፣ የተቆፈረውና ፈንጂ የተሞላው ቀዳዳ ሦስት የተለያዩ መረጃዎች ናቸው። የቅየሳው ውጤት ሲመጣ በታቀደው ላይ መጻፍ የተለመደ አቋራጭ ቢሆንም፣ የቁፋሮውን ስሕተት ለመለካት የሚያስችለውን ብቸኛ ማስረጃ ያጠፋል። የሙሌቱ መዝገብ ደግሞ ከፍንዳታ በኋላ ሳይፈነዳ የቀረ ቀዳዳ ቢኖር የት እንዳለ ያመለክታል፤ ቀጥሎ በዚያ ስፍራ የሚቆፍረው ሠራተኛ ሕይወት በዚህ መረጃ ላይ ሊመሠረት ይችላል። ስለዚህ ሦስቱ በአንድ የቀዳዳ መለያ ቁጥር ተያይዘው፣ ለየብቻ ሊቀመጡ ይገባል።

5. ከኩዊክሪክ የሚገኝ ትምህርት

የቀለበት ቁፋሮ የሌለበት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቢሆንም፣ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት በኩዊክሪክ የደረሰው አደጋ የመዝገብ ጕድለት የሚያስከትለውን ያሳያል። ሐምሌ 2002 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች ውኃ ወደ ሞላበት የተተወ ጎረቤት ማዕድን ሳያውቁ ሰብረው ገቡ፤ 9 ሰዎችም ከመሬት በታች ታገቱ። የፌዴራሉ የማዕድን ደኅንነት ምርመራ እንዳመለከተው፣ ዋናው ምክንያት ቀን ያልተጻፈበትና ያልተረጋገጠ፣ የመጨረሻውን የቁፋሮ ወሰን የማያሳይ ካርታ መጠቀማቸው ነበር።

ዘጠኙም በሕይወት ወጡ። ለዚህም የረዳው ከምድር ገጽ በጥንቃቄ በተለካ መገኛ ላይ የተቆፈረ፣ 73 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ቀዳዳ የታሰበበትን ክፍተት ማግኘቱና ሞቃት የታመቀ አየር ማድረሱ ነው። ያልተሟላ መዝገብ ያመጣውን አደጋ ትክክለኛ መገኛ አቃለለው።

6. መደምደሚያ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት፣ እያንዳንዱ የቀለበት ንድፍ ሲቀመጥ የሚከተሉት አብረውት እንዲኖሩ ይመከራል፦ የንድፍ ደንቦቹ፤ የመሠረተ መረጃው ስምና ቀን፤ ዳተሙና የማዘንበል ምልክቱ ስምምነት፤ የእትም ቁጥርና ያጸደቀው ባለሙያ፤ ከደንቡ የወጣ ቀዳዳ ካለም ምክንያቱ። የጸደቀ እትም ሊቈለፍ እንጂ ሊሻር አይገባም፤ ለውጥ ካስፈለገ በአዲስ ቁጥር ይቀመጥ። ይህን ማድረግ የሚወስደው ጊዜ ለአንድ ቀለበት ጥቂት ደቂቃ ነው። ጥቅሙ ግን ለንድፍ አውጪው ሳይሆን፣ እርሱ ከሄደ በኋላ በዚያው ዐለት ውስጥ ለሚሠሩት ነው።