ቤተ ሰብ ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ ለሚያደርገው ጉዞ ገንዘብ ስለ ማዘጋጀት

ከደብረ ታቦርና ከአካባቢው አገር ብዙ ሰው በየዓመቱ ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ ይሄዳል። ቀድሞ ጉዞው በእግርና በበቅሎ ነበረ፤ በደርግ ዘመነ መንግሥት ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልድያ መንገድ ከሠሩ ወዲህ ግን በመኪና የሚሄደው በዝቷል። መኪናው ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ተራራ ግርጌ በክምር ድንጋይ ያልፋል፤ ንፋስ መውጫንና ደብረ ዘቢጥን አልፎ ጋሸና ሲደርስ ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ ላሊበላ ይወርዳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ስንቁን ቢይዝ ይበቃዋል። ልጆቹን ይዞ በመኪና የሚሄድ አባት ግን ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ሳያዘጋጅ የተነሣ እንደ ሆነ ወይ ለዘር ያኖረውን እህል ይሸጣል፥ ወይ በአራጣ ይበደራል። በታኅሣሥ የተደሰተ ቤት በሰኔ ዘር አጥቶ ይቸገራል።

ስለዚህ ሒሳብ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ የመመለሻውን ዋጋ ይጻፍ። የመሄጃውንማ ጉጉቱ ራሱ ያስገኘዋል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚመለስ መኪና ይጠፋል፥ ዋጋውም ይወደዳል፥ ኪስም ያን ጊዜ ባዶ ነው። የመመለሻው ገንዘብ ለብቻው በጨርቅ ተቋጥሮ በእመቤቲቱ እጅ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ባል በገበያ መካከል እጁ ይፈታልና።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ በቤት የሚቀረው ወጭ ነው። ታኅሣሥ የአውድማ ወር ነው፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሲሄድ ክምሩን የሚጠብቅ፥ ከብቱንም የሚያግድ ሰው ያስፈልጋል። ዘመድ ቢገኝ እንኳ ምግቡና ውለታው ወጭ ነውና ከጉዞው ሒሳብ ይግባ።

መምህሩ ይህን ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹን ያሠራቸው። ዋጋ ከዘመን ወደ ዘመን ስለሚለዋወጥ ቍጥሩ ለትምህርት ብቻ የተሰጠ ነው። ቤተ ሰቡ 5 ሰው ነው እንበል። የአንዱ ሰው የመኪና ዋጋ 400 ብር ቢሆን መሄጃው 2000፥ መመለሻውም 2000 ብር ይሆናል። ለማደሪያና ለምግብ 1000፥ ለጧፍና ለምጽዋት 300፥ ለጠባቂው 700 ሲጨመር 6000 ብር ይመጣል። መኪና ቢሰበር ወይም ልጅ ቢታመም መጠባበቂያ የሚሆን የዚህን አንድ አምስተኛ፥ ማለት 1200 ብር ቢጨምሩበት ጠቅላላው 7200 ብር ነው። ከጥር እስከ ታኅሣሥ ለ12 ወር ሲከፈል በወር 600 ብር ይደርሳል።

ይህ አከፋፈል ግን ለደመወዝተኛ ነው። ገበሬ በሐምሌና በነሐሴ ከየት አምጥቶ ያስቀምጣል? እርሱ የሚያገኘው እህሉ በገባ ጊዜ ነው፤ በጥር ደግሞ ሁሉ ስለሚሸጥ እህል ይረክሳል። ከዘሩና ከቀለቡ የተረፈው ካለ፥ በጎተራ አቆይቶ እህል ሲወደድ ቢሸጠው ይጠቀማል። ሌላው መንገድ በግ ነው። በክረምት እህል ያለቀበት ሰው በጉን በርካሽ ይሸጣል፤ አቅም ያለው ያን ጊዜ የፋርጣ ጠቦት ገዝቶ በመስከረም ሣር ቢያደልበው፥ ለልደት በሚገበያዩበት ሰሞን ደኅና ዋጋ ያወጣለታል። በምሳሌው ሒሳብ በጎቹ 3600 ብር ቢያወጡ የሚቀረው እኩሌታው ብቻ ነው።

ዕቍብ የገባ ሰው ዕጣው መቼ እንደሚወጣለት አያውቅም። በመስከረም ቢደርሰው ገንዘቡ ለሌላ ነገር ያልቃል፤ ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ ከሚደርሰው አባል ጋር ተራውን አስቀድሞ ቢለዋወጥ ይሻለዋል። አለዚያም የደረሰውን ገንዘብ ቀድሞ የብድርና የቁጠባ ተቋም በነበረው፥ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሚባለው ወይም በሌላ ባንክ ያስቀምጠው።

ወራቱ ጾመ ነቢያት መሆኑ ወጭውን ያቀላል። በሶ፥ ቆሎና ድርቆሽ ከቤት ከተያዘ የመንገዱ ምግብ እምብዛም አያስወጣም። ቅቤ በጾም ወራት ስለሚረክስ ለመንገድ ተብሎ አይሸጥ፤ ተነጥሮ ይቀመጥ። የላሊበላ ሰዎች የእንግዳ እግር በማጠብና በማብላት የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን በሌላው ቸርነት ተማምኖ ስንቅ ሳይዙ መነሣት ነውር ነው። በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን፥ በሌሎቹ ዘመናት 29 ቀን ስለሚውል የመነሻው ቀን በዚሁ ይቈጠር።

ከመነሣት በፊት የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ ግድ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጋሸና ጦርነት በሆነ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህም መንገድ የተቋረጠበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ቤተ ሰብ ያጠራቀመውን አይበትነው፤ የጎንደሩ መንገድ ሰላም ከሆነ ጥር 11 ቀን ጥምቀትን በፋሲል መዋኛ ያክብርበት፤ እርሱም ካልሆነ ገንዘቡ ለሚመጣው ዓመት ይደር።