የቀጥታ ስርጭትና የሕፃናት ደኅንነት

ምንባብ

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ፣ በማሽላና በሰሊጥ እርሻዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከመተማ ተነሥቶ የጋላባትን ኬላ ያለፈ መንገደኛ ወደ ሱዳን መሐል አገር የሚዘልቀው በዚህችው ከተማ በኩል ነው። በመሆኑም አካባቢው ለረጅም ዘመን የነጋዴ፣ የወቅት ሠራተኛና የስደተኛ መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. ከረኃብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን በኡም ራኩባ መጠለያ ሰፍረው ነበር። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ ይኸው መጠለያ እንደገና ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም የቱናይድባ መጠለያ ተጨመረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ከካርቱም የሸሹ ብዙ ሱዳናውያን ወደ ገዳሪፍ ጐረፉ፤ ሌሎችም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

በቀድሞውና በኋለኛው ስደት መካከል አንድ ዐቢይ ልዩነት አለ። የቀድሞው ስደተኛ ወሬውን ለዘመዱ የሚልከው በደብዳቤ ወይም በመንገደኛ አፍ ነበር። በኋለኛው ዘመን ግን የእጅ ስልክ ከስንቅ ጋር ተቈጥሮ የሚያዝ ዕቃ ሆኗል። ስልክ የተለያየ ቤተሰብን ያገናኛል፤ ትምህርት የተቋረጠበትን ልጅም ያስተምራል። ነገር ግን ሕፃኑን ከማያውቀው ሰው ፊት የሚያቆም በርም ነው። ከዚህ በር እጅግ ሰፊው በቲክቶክ፣ በፌስቡክና በመሳሰሉት የሚደረገው የቀጥታ ስርጭት ነው።

የቀጥታ ስርጭት ከፎቶግራፍ ወይም ተቀርጾ ከተቀመጠ ፊልም በጠባዩ ይለያል። ፎቶግራፍ ከመላኩ በፊት ሊታይ፣ ለወላጅ ሊቀርብ፣ ካልተፈለገም ሊሰረዝ ይችላል። በቀጥታ ስርጭት ግን ነገሩ በተደረገበት ቅጽበት በሺሕ የሚቈጠር ተመልካች ዘንድ ይደርሳል። አሰራጪው በኋላ ቢያጠፋው እንኳ ተመልካቹ በራሱ ስልክ ቀድቶ ሊያስቀረው ይችላል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የተባለው ለንግግር ቢሆንም ለዚህ ይበልጥ ይስማማል።

ከዚህ ጠባይ ሦስት አደጋዎች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው ስፍራን መግለጥ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በመጠለያ ውስጥ ስልኳን ከፍታ ትዘፍናለች እንበል። ከበስተኋላዋ የድንኳኑ ቍጥር፣ የውሃው ቦኖና መንገዱ ይታያሉ። እናቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወጥታ እስክትመለስ ብቻዋን መሆኗንም ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት የተናገረችው ለክፉ አሳቢ አድራሻና ሰዓት ይሆነዋል።

ሁለተኛው ሕፃናትን ለልመና ማሰለፍ ነው። ቢቢሲ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ፣ በሰሜን ምዕራብ ሶሪያ መጠለያዎች የሚኖሩ ተፈናቃይ ቤተሰቦች ከልጆቻቸው ጋር በቲክቶክ ለሰዓታት ተቀምጠው ስጦታ እንደሚለምኑ አጋለጠ። ጋዜጠኞቹ ለሙከራ 106 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ቢልኩ በሶሪያ የደረሰው 33 ዶላር ብቻ ነበር። ከዚህም ላይ የገንዘብ አስተላላፊውና የደላላው ድርሻ ሲነሣ ለቤተሰቡ የሚተርፈው 19 ዶላር ያህል እንደሚሆን ታወቀ። ኩባንያው ድርሻው ከተባለው ያነሰ ነው ቢልም ትክክለኛውን መጠን አልገለጠም። የስደተኛ ችግር የትም ተመሳሳይ ነውና ይህ ትምህርት ለምሥራቅ ሱዳንም ይሆናል፤ ክብሩን የሚያጣው ሕፃኑ ሲሆን ትርፉን የሚያፍሰው ሌላ ነው።

ሦስተኛውና እጅግ የከፋው ወጥመድ ነው። አጥማጁ አስቀድሞ ያሞግሳል፤ ስጦታም ይልካል። ቀጥሎ ሕፃኑን ከአደባባይ ወደ ግል ጭውውት ይወስደዋል። እዚያም ገላን የሚያሳይ ምስል ይጠይቃል፤ ካገኘ በኋላ «ለቤተሰብህ አሳያለሁ» እያለ ያስፈራራል። በገዳሪፍና በከሰላ መስመር ደግሞ ማባበያው ሥራና የአውሮፓ ጉዞ ሊሆን ይችላል። በዚህ መስመር የሰው ነጋዴዎች የፈጸሙት ግፍ የታወቀ ነው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ ስደተኞች ከምሥራቅ ሱዳን እየታፈኑ ወደ ሲና በረሃ ተወስደው፣ ቤተሰቦቻቸው በስልክ ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቀዋል።

ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ሱዳን በ1982፣ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. የተቀበሉት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ሕፃናትን ከጕልበት ብዝበዛ፣ ከወሲብ ጥቃትና ከመሸጥ ይከላከላል። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 እና በሰው የመነገድን ወንጀል ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቍጥር 1178/2012 አጥፊውን ይቀጣሉ። ቲክቶክም በኅዳር 2015 ዓ.ም. በቀጥታ የሚያሰራጭ ሰው ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ዓመት ከፍ እንዲል አድርጓል። ይሁን እንጂ ሕፃን በታላቅ ወንድሙ ስልክ ሊጠቀም፣ ዕድሜውንም አሳስቶ ሊያስመዘግብ ስለሚችል፣ ደንብ ብቻውን ጠባቂ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ጥበቃው መጀመር ያለበት ስልኩ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ። ሕፃን ብቻውን በቀጥታ አያሰራጭ። የመኖሪያው ስፍራ፣ የትምህርት ቤቱ ስምና የወላጆቹ መውጫና መግቢያ ሰዓት ለማያውቀው ሰው አይገለጥ። ስጦታ የላከ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነ ይነገረው። ማስፈራሪያ የደረሰበት ልጅ ገንዘብም ሆነ ተጨማሪ ምስል ሳይልክ፣ የተጻፈለትን መልእክት ሳያጠፋ፣ ወዲያውኑ ለሚያምነው አዋቂ ሰው ይንገር። አዋቂውም ጉዳዩን ለፖሊስ ወይም በመጠለያው ለሚገኝ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ያመልክት።

ከሁሉ በላይ ግን ወላጅ ጆሮውን ይክፈት። በሥራ ደክማ የመጣች እናት ስልኩን ነጥቃ ልጇን ብትገርፍ ቍጣዋ ከፍቅር የመነጨ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተገረፈ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ምሥጢሩን ይደብቃል፤ አስፈራሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ዝምታ ነው። ነግሮ የማይቀጣበት ቤት ያለው ሕፃን፣ ድንኳን ውስጥም ቢኖር፣ ጠንካራ አጥር አለው።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. የቀጥታ ስርጭት ከፎቶግራፍ በምን ይለያል?
2. በሶሪያ የተደረገው ሙከራ ምን አስረዳ?
3. የዕድሜ ደንብ ብቻውን ሕፃናትን ሊጠብቅ የማይችለው ለምንድን ነው?
4. ቅጣት አስፈራሪውን የሚረዳው እንዴት ነው?

ለ. ለሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው አገባብ መሠረት ፍቺ ስጡ፦ ኬላ፣ ስንቅ፣ ወጥመድ፣ ማባበያ።

ሐ. «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እና «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉትን ምሳሌያዊ አነጋገሮች መልእክት በአንድ አንቀጽ አብራሩ።