ሱፍ አሊዜቲ አይደለም

በጾም የሱፍ ፍትፍት ያልበላ ከመካከላችን የለም፤ ተክሉን ያየ ግን አልነበረም። መምህራችን ሲጠይቁን «ሱፍማ አሊዜቲ ነው» ብለን መለስን። ዘይት ጠርሙሱ ላይ የተሣለው ትልቁ ቢጫ አበባ ነዋ! መምህራችን ሁለቱን ፍሬዎች በመዳፋቸው ይዘው አሳዩን። የአሊዜቲው ጠፍጣፋ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው፤ የሱፉ ትንሽ፣ ነጭና ጠንካራ ነው። ከኑግ ጋር ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። እናቶቻችን የሚወቅጡት ሱፍ ግን በሳይንሳዊ ስሙ ካርታመስ ቲንክቶሪየስ የሚባለው እሾሃም ተክል ነው።

ዘሩን ፍለጋ ኢስሊ ሄድን። መጀመሪያ የገዛነው የታመሰ ኖሮ አንድም አልበቀለም። ጥሬውን ያገኘነው በመከራ ነው፤ እሱም አንድ ኩባያ ብቻ።

በመጋቢት በፕላስቲክ ከረጢት ችግኝ አፍልተን በሚያዝያ ወደ መደብ አዛወርን። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ሱፍ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር አለው፤ አፈሩ ከተመቸው ከ2 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በከረጢቱ ውስጥ የተጣጠፈው ሥር ስናወጣው ተበጠሰ። የተረፉትን ረጅሙ ዝናብ ጨረሳቸው። የግቢያችን ጥቁር አፈር ውሃ ያቁራል፣ የሱፍ ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። ከኩባያው ዘር የቀረን አንድ እፍኝ ነበር።

ይህን የሰሙ የአንዲት ተማሪ አያት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ሱፍ ተነቅሎ አይተከልም» አሉ። በሸዋ ሱፍ የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በቀረው እርጥበት ነው። በጤፍ ማሳ ዳር ሲዘራም እሾሁ ከብት ይከለክላል።

በሰኔ መጀመሪያ ከፍ ያለ መደብ ሠርተን እፍኟን እዚያው ዘራናት፤ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በፍሬና በፍሬ መካከል አንድ ስንዝር። በቀለ፤ ከዚያ ግን ለሳምንታት ቅጠሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ አላድግ አለ። ነቅለን ጎመን እንዝራበት ያልንም ነበርን (ስም አንጠራም)። ለካ ሥሩን እየሰደደ ኖሯል። በኋላ ሽቅብ ተመዘዘና በመስከረም ቢጫ አበባ አወጣ፤ አበባው ሲጠወልግ ወደ ብርቱካንማ ይለወጣል። ከዚህ አበባ የጨርቅ ማቅለሚያ ይወጣል። በግብጹ ንጉሥ በቱታንካሙን መቃብር ከተገኙት የአበባ ጉንጉኖች ውስጥም ሱፍ አለ።

በጥቅምት ያጨድነው በማለዳ ነው፤ ጤዛው እሾሁን ያለሰልሰዋል። ጓንት የናቁት ግን ጣታቸው መድማቱ አልቀረም።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ አያታችን እንደገና መጡ። ፍሬውን ለዘብ ባለ እሳት አመሱት፣ ወቀጡት፣ በውሃ በጥብጠው በጨርቅ አጠለሉት። ገለባው ጨርቁ ላይ ቀረ፤ የወረደው ወተት ይመስላል። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ጨምረው እንጀራ ፈተፈቱበት። ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ጉርሻ ደረሰን።

ሁለት ኩባያ ጥሬ ፍሬ በጠርሙስ አስቀርተናል። በሚመጣው ሰኔ ለሚዘራው ክፍል ነው፤ እባካችሁ እንዳታምሱት።