ከቆቡ ሥር

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እነዚህን ሁለት ኪቦርዶች ምናለሽ ተራ አገኘኋቸው። ሻጩ «ሜካኒካል ናቸው» ብሎ ዋጋ ጨመረብኝ። ከቁልፎቹ ሥር ምን ዓይነት ስዊች እንዳላቸው ስጠይቀው ግን ዝም አለ።

ጋሼ፦ «ሜካኒካል» ዛሬ ዋጋ መስቀያ ቃል ሆኗል። አንቺስ ለማወቅ ምን ሞከርሽ?

ወጣቷ፦ ቁልፎቹን መታ መታ አደረግኋቸው። አንደኛው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሁለተኛው ድምፁ የታፈነ ነው።

ጋሼ፦ ድምፅ ብዙ አይታመንም። አቧራ የገባበት ስዊች ድምፁ ይለወጣል። ላስቲክ ጎማ ላይ የተሠራ ርካሽ ኪቦርድ ሆኖ ቀጭ የሚል ነገር የተገጠመለትም አለ። የሚጮኸውን ገልብጪውና ጀርባውን አንብቢልኝ።

ወጣቷ፦ አይ ቢ ኤም ይላል። ቁጥሩ 1391401፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. 1989።

ጋሼ፦ ሞዴል ኤም የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ። ሚዛኑ ራሱ ይናገራል፤ ሁለት ኪሎ ያልፋል። ቆይ፣ ካቻቪቴ አትፈልጊ! መጀመሪያ አንድ ቁልፍ አንሺ። በጥፍርሽ አይደለም። ሁለት ቀጭን ሽቦ በግራና በቀኝ ከሥሩ አስገቢና ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢ። ካዘነበልሽው እግሩ ይሰበራል።

ወጣቷ፦ ወጣ። ግን ከቆቡ ሥር ሌላ ቆብ አለ።

ጋሼ፦ የዚያ ዘመን ኤም ድርብ ነው። ፊደሉ ያለበት ይወልቅና ታችኛው ይቀራል። እሱንም አንሺው።

ወጣቷ፦ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሞላ ብቻ ነው የማየው። ስዊቹ የታለ?

ጋሼ፦ ሞላው ነው እንጂ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ! ስትጫኚው መጀመሪያ እየታመቀ ይሄዳል። የመታመቂያው ልክ ሲያበቃ ድንገት ወደ ጎን ይጎብጥና ሥሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ይገፋታል። መዶሻዋ ደግሞ ከታች የተነጠፉትን ስስ ፕላስቲኮች ተጭና የኤሌክትሪኩን መስመር ታገናኛለች። ቀጭ የሚለው ሞላው ሲጎብጥ ነው። ስለዚህ ጣትሽ የሚሰማው ግፊት፣ ጆሮሽ የሚሰማው ድምፅና ኮምፒዩተሩ ፊደሉን የሚቀበልበት ቅጽበት በአንድ ላይ ይመጣሉ ማለት ይቻላል። የሞላውን አሠራር ያስመዘገበው ሪቻርድ ሃንተር ሃሪስ የሚባል የአይ ቢ ኤም ሰው ነው፤ ፓተንቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1978።

ወጣቷ፦ ለአንድ ፊደል ይህን ያህል መጨነቅ ምን አመጣው?

ጋሼ፦ የጊዜው ደንበኛ የቢሮ ጸሐፊ ነበር። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1961 ሴሌክትሪክ የተባለ የኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪና አውጥቶ ስንቱን ቢሮ ሞልቶ ነበር። ያን የለመደ ጣት የሞተ ቁልፍ ሲሰጡት እሺ አይልም። እኔ ብዙ የመንግሥት ሰነድ ይጻፍበት በነበረ ዘመን ስለሠራሁ ይገባኛል፤ ፊደሉ መያዙን ጣት ካላወቀ ዓይን ከወረቀቱ እየተነሳ ይሄዳል።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ሞላ ካየሁ ሞዴል ኤም ነው ልበል?

ጋሼ፦ አትቸኩዪ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከመጀመሪያው የአይ ቢ ኤም ፒሲ ጋር የመጣው ሞዴል ኤፍም በሞላ ነው የሚሠራው። እሱ ግን ፕላስቲክ ንጣፍ የለውም። መዶሻዋ ቦርዱ ላይ ስትወድቅ የምትለውጠው የኤሌክትሪክ ክምችቱን ነው፤ ብረት ከብረት ተነካክቶ መስመር አይዘጋም። ሞላዎቹም አንድ በአንድ በየራሳቸው ቀፎ ከላሜራ ላይ ይቀመጣሉ፤ በኤም ግን ቀፎዎቹ ሁሉ የአንድ ትልቅ ፕላስቲክ አካል ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ሞዴል ኤም የሚል ጽሑፍ ይዞ ውስጡ ጎማ የሆነ አለ። እንግዲህ ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም፣ ሞላውም ብቻውን አይበቃም።

ወጣቷ፦ ካቻቪቴውን የከለከሉኝ ለምንድነው?

ጋሼ፦ የኤም ፕላስቲክና የብረት ላሜራው የተያያዙት ቀልጠው በተደፈጠጡ ትንንሽ የፕላስቲክ ሚስማሮች ነው። ዕድሜ ያደርቃቸውና አንገታቸው ይቆረጣል። እስኪ በቀስታ አወዛውዢው። የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ከውስጥ የረገፉ ናቸው። ያን ሳታውቂ ከፍተሽ ብትበታትኚው መልሶ መግጠሙ ሌላ ሥራ ነው። ለነገሩ ቡሎኖቹም በካቻቪቴ አይፈቱም፤ አንገቱ ቀጭን የሆነ የ5.5 ሚሊሜትር መፍቻ ይፈልጋሉ። አሁን ያንን ሌላውን አምጪ።

ወጣቷ፦ ይሄ የአፕል ነው። «ኤክስቴንድድ ኪቦርድ ቱ»፣ ኤም3501 ይላል። ይህን ያህል ከተጻፈ ስዊቹም ታወቀ ማለት ነው አይደል?

ጋሼ፦ አልታወቀም። በዚሁ ቁጥር የአልፕስ ስዊች የገባባቸውም፣ የሚትሱሚ የገባባቸውም ተሸጠዋል። ሁለቱም የጃፓን ድርጅቶች ናቸው፤ ጣት ላይ ግን አንድ አይደሉም። ቁልፍ አንሺ። ካፕስ ሎክን ግን ተዪው፤ እሱ ተጭኖ የሚቀር ስለሆነ ስዊቹ የተለየ ነው። ረጅሙንም የስፔስ ቁልፍ አትንኪ። መሃል ካሉት ፊደሎች አንዱ ይሁን።

ወጣቷ፦ መሃሉ ላይ ረዘም ያለ ቀዳዳ አለ። የቆቡ እግር እሱ ውስጥ ነበር የገባው። ከላይ በትንሹ «አልፕስ» የሚል በላቲን ፊደል ተቀርጿል።

ጋሼ፦ በቃ ወገኑ ታወቀ። የጀርመኑ ቼሪ ኤምኤክስ ቢሆን ኖሮ የመደመር ምልክት ቀጥ ብሎ ወጥቶ ታዪ ነበር፤ እዚያ ላይ ቆቡ ነው ቀዳዳ ያለው። በአሮጌ ኪቦርድ ላይ መደመር ካየሽ መጀመሪያ ቼሪን ጠርጥሪ። በዛሬዎቹ ላይ ግን የቼሪን ቅርፅ የቀዳ ፋብሪካ ብዙ ስለሆነ ስሙን ካላነበብሽ አትመኚ።

ወጣቷ፦ ቀለሙ ወደ ነጭ ያደላል። ነጭ ስዊች ደግሞ ቀጭ የሚል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ ግን ቀጭ አይልም።

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቀለም ያለ ሠሪው ስም ምንም አይደለም። ሰፈር ውስጥ ሁለት አበበ ቢኖሩ የአባታቸውን ስም ሳትጠይቂ ደብዳቤ ትሰጫለሽ? የቼሪ ጥቁር ያለ ምንም ጉብታ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፤ የአልፕስ ጥቁር መሃል መንገድ ላይ ጣትሽን ያደናቅፋል። የቼሪ አረንጓዴ ጠንከር ያለ፣ ቀጭ የሚል ነው፤ የአልፕስ አረንጓዴ ደግሞ ድምፅም ጉብታም የለውም። «አረንጓዴ ስዊች እፈልጋለሁ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ እኔ የማን ብዬ ነው የምጠይቀው።

ወጣቷ፦ የአልፕስ ነጭስ?

ጋሼ፦ የአልፕስ ነጭ ቀጭ ይላል፤ የሰማሽው ውሸት አይደለም። በእጅሽ ያለው ግን ነጭ ሳይሆን ክሬም ሳይሆን አይቀርም። ቀስ ብለሽ ተጫኚው። ምን ይሰማሻል?

ወጣቷ፦ ትንሽ ጉብታ። ከዚያ ለስለስ ብሎ ያርፋል፤ ሲመለስም አይንኳኳም።

ጋሼ፦ ተንቀሳቃሹ አካሉ ላይ ለስላሳ ማረፊያ ስላለው ነው፤ ሲወርድም ሲወጣም ድምፁን ይውጠዋል። ለጸጥተኛ ቢሮ የታሰበ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አልወደውም፤ ከዚህ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአፕል ኤክስቴንድድ ኪቦርድ ላይ ያለው ሮዝማው አልፕስ ጣት ላይ የበለጠ ይነቃል። ሰዉ ግን በዚህ ይጣላኛል።

ወጣቷ፦ ፀሐይ ያደበዘዘው ነጭ ቢሆንስ?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፀሐይ ቶሎ የሚበላው ቀፎውንና ቆቡን ነው፤ ስዊቹ ከቆብ ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። ይልቅ ቆሻሻና የሲጋራ ጭስ ቀለም ስለሚያታልል፣ በጥጥ ጠርገሽ በቀን ብርሃን እዪው። ከዚያ ቀለሙና በጣትሽ የተሰማሽ ነገር ከተጣሉ፣ ጣትሽን እመኚ።

ወጣቷ፦ ቆቡን አንስቼ መደመርም ቀዳዳም ሞላም ባጣስ?

ጋሼ፦ የጎማ ጉልላት ካየሽ ተራው ዓይነት ነው፤ ቆቡን መልሺና ቀጥዪ። ቁልፎቹ ሁሉ ሞተው ውስጡ የሚፈረፈር ስፖንጅ ካገኘሽ ኪ ትሮኒክ ይሠራው የነበረው ዓይነት ነው፤ ስፖንጁ በዕድሜ ይበሰብሳል፣ መተኪያው ግን ይሠራል። ማግኔት ካገኘሽ ደግሞ ሃኒዌል ሊሆን ይችላል። እሱ ብረት ከብረት ስለማያነካካ፣ በቴስተር ለክተሽ ድምፅ ካጣሽ ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትጥይው።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ይሄኛው ክሬም አልፕስ ነው ብዬ ልጻፍበት?

ጋሼ፦ ከአንድ ቁልፍ? ሌላም ሦስት አራት አንሺ። ምናለሽ ተራ የደረሰ ዕቃ ከሁለት ኪቦርድ ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላል።

ወጣቷ፦ ይሄ ክሬም፣ ይሄም ክሬም… ጋሼ፣ የ«ኢ» ፊደል ሥር ያለው ሮዝ ነው።

ጋሼ፦ ተጫኚው እስቲ፤ ከጎረቤቱ ይለያል?

ወጣቷ፦ ይለያል። ጉብታው ይበረታል፣ ያንኳኳልም።

ጋሼ፦ በጣም የሚመታ ፊደል ነው፤ አንድ ሰው ደክሞበት ከሌላ ኪቦርድ አውጥቶ ተክቶታል። ቀፎውን ስትከፍቺ ከቦርዱ ጀርባ የዚያን ስዊች ብየዳ ከሌሎቹ ጋር አስተያዪው። ዙሪያው ላይ ቡናማ ቅባት ከደረቀ የእጅ ሥራ ነው።