ነጭ የጣሊያን እብነ በረድ፦ ውድ ዋጋ የሚከፈለው ለጥንካሬ ሳይሆን ለመልክ ነው

ለቤቱ ውስጥ ነጭ የጣሊያን እብነ በረድ የሚፈልግ ገዢ ወደ መጋዘን ሲገባ በአብዛኛው ሦስት ስሞች ይጠሩለታል፤ ካራራ፣ ካላካታ እና ስታቱዋሪዮ። ካራራ በዋጋ ዝቅተኛው ሲሆን የሁለቱ ዋጋ ከእሱ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ገዢው ውዱ ጠንካራ፣ ርካሹ ደካማ ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ሆኖም ግምቱ ለኪሳራ ይዳርጋል።

ሦስቱም የሚወጡት በጣሊያን ቶስካና ግዛት፣ በካራራ ከተማ ዙሪያ ካሉት የአፑዋን ተራሮች ነው። ሮማውያን ከ2,000 ዓመታት በፊት ጀምሮ ድንጋዩን ከዚሁ ስፍራ ያወጡ ነበር። በ113 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የንጉሠ ነገሥት ትራጃን ዓምድ የተሠራው በካራራ እብነ በረድ ነው። ሚኬላንጄሎም ከ1501 እስከ 1504 (እ.ኤ.አ.) የዳዊትን ሐውልት የቀረጸው በዚሁ ድንጋይ ነው።

ልዩነታቸው

ካራራ መደቡ ወደ ግራጫ ያደላ ነጭ ሲሆን፣ ቀጫጭንና ደብዘዝ ያሉ ግራጫ መስመሮች አሉት። በብዛት ስለሚገኝ ዋጋው ይቀንሳል። ካላካታ መደቡ ይበልጥ ነጭ ነው፤ መስመሮቹም ወፋፍራምና ጎላ ያሉ ሆነው ከግራጫ እስከ ወርቃማ ይደርሳሉ። ስታቱዋሪዮ ደግሞ በደማቅ ነጭ መደብ ላይ ጥቂትና ጥርት ያሉ ግራጫ መስመሮች ይታዩበታል። የሁለቱ አቅርቦት አነስተኛ በመሆኑ ዋጋቸው ይንራል።

በባሕርይ ግን ሦስቱ ወንድማማቾች ናቸው። ሁሉም የኖራ ድንጋይ በመሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ የተፈጠሩ፣ በዋናነትም ካልሳይት ከተባለ ማዕድን የተሠሩ ናቸው። ካልሳይት በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ላይ ይገኛል። በጫማ ተይዞ የሚገባው አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። ስለዚህ በር አካባቢ የተነጠፈ ነጭ እብነ በረድ፣ ካራራም ሆነ ስታቱዋሪዮ፣ በአሸዋ ይጫራል።

ማእድ ቤትም እንዲሁ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲምና የወይን ጠጅ አሲድ ስላላቸው ያንጸባረቀውን ገጽ በልተው የደበዘዘ ምልክት ይተዋሉ። ቡናና ቅባት የበዛበት ወጥ ቶሎ ካልተጠረጉ ሰርገው ይገባሉ። ገጹ ላይ የሚቀባው መከላከያ ይህን ስርገት ያዘገያል እንጂ አሲዱን አያግድም። የመስመሩን ውበት ብቻ አይቶ ይህን ሳያጤን የገዛ ሰው፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

ሒሳቡ

በካሬ ሜትር የሚጠራው ዋጋ ሙሉውን ወጪ አያሳይም። ጎላ ያለ መስመር ያለው ድንጋይ ሲነጠፍ መስመሩ ከጎኑ ካለው ጋር እንዲገጥም ስለሚፈለግ ብዙ ቁራጭ ይባክናል። ለምሳሌ ያህል፣ 100 ካሬ ሜትር ለማንጠፍ ከተገዛው ካራራ 10 በመቶው፣ ከካላካታው ደግሞ 25 በመቶው ይባክናል እንበል። የሚገዛው መጠን 111 እና 133 ካሬ ሜትር ይሆናል። የካላካታው የካሬ ዋጋ 3 እጥፍ ቢሆን፣ ጠቅላላ ወጪው 3.6 እጥፍ ይደርሳል።

ለአስመጪው ደግሞ ክብደቱ ወሳኝ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሜትር እብነ በረድ 2.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በመሆኑም 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር 54 ኪሎ ግራም፣ ባለ 3 ሳንቲ ሜትሩ 81 ኪሎ ግራም ነው። ከማሸጊያው ውጪ በ20 ቶን ጭነት ከመጀመሪያው 370፣ ከሁለተኛው 247 ካሬ ሜትር ብቻ ይመጣል። ለግድግዳ የማያስፈልግ ውፍረት ማዘዝ ለጭነት በከንቱ መክፈል ነው።

ከመክፈል በፊት

ገዢው በመዳፍ በምትያዝ ናሙና ብቻ መወሰን የለበትም። የአንድ ተራራ ድንጋይ እንኳ ከቋጥኝ ቋጥኝ ስለሚለያይ፣ ሙሉውን ሰሌዳ በቀን ብርሃን ማየት፣ ሰሌዳዎቹ ከአንድ ቋጥኝ በተከታታይ የተሰነጠቁ መሆናቸውንም በቁጥራቸው ማረጋገጥ ይገባል። ጀርባው ላይ መረብ ከተለጠፈበት ምክንያቱን መጠየቅ፣ ስንጥቅ እንዳለውም መመርመር ያስፈልጋል።

በነዚህ ስሞች የሚሸጡ ሰው ሠራሽ ሰሌዳዎችና የሸክላ ንጣፎችም አሉ። መለየቱ ከባድ አይደለም። በእውነተኛው እብነ በረድ መስመሩ ከገጹ አልፎ በጠርዙ ውስጥም ይዘልቃል፤ በታተመ ሸክላ ላይ ግን በገጹ ይቀራል። ቁራጭ ናሙና ላይ የሎሚ ጠብታ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆይ እብነ በረዱ ይደበዝዛል፤ ሸክላው አይነካውም። ሰው ሠራሹ መጥፎ ዕቃ ነው ማለት አይደለም፤ ለማእድ ቤት እንዲያውም ሊሻል ይችላል። ጥፋቱ በእብነ በረድ ዋጋ መሸጡ ነው።

አነጣጠፉም ችላ አይባልም። ግራጫ ሲሚንቶ በነጭ ድንጋይ ውስጥ ጥላው ሊታይ ስለሚችል ነጭ ማጣበቂያ ይመረጣል። አንዳንዱ ነጭ እብነ በረድ ጥቃቅን ብረት ስላለበት እርጥበት ከሥሩ ሲዘልቀው ዝጎ ቢጫ ይሆናል። በመታጠቢያ ቤት ከሥሩ የውሃ መከላከያ ማድረግ የግድ ነው።

እንግዲህ ስሌቱ ግልጽ ነው። ሰፊ ወለልና ደረጃ ካራራ ይበቃቸዋል፤ የማያንጸባርቅ ማለስለሻ ከተመረጠ ጭረቱና ድብዘዛው ጎልቶ አይታይም። ካላካታና ስታቱዋሪዮ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል አንድ ግድግዳ ላይ፣ እጅና እግር በማይበዛበትና ዓይን በሚያርፍበት ቦታ፣ ዋጋቸውን ያወጣሉ። ይህን አስቀድሞ ለደንበኛው የሚነግር ነጋዴ የዛሬው ሽያጩ ቢያንስም፣ ከዓመት በኋላ የደበዘዘ ድንጋይ ይዞ የሚመጣ ከሳሽ አይኖርበትም።